ሦስት ነበር የሚወጣው

መምህርቷ √18ን ሰሌዳው ላይ ጽፋ፣ «ማነው የሚያቃልልልኝ?» አለች። ከፊት የምትቀመጠው ለፍላፊ ተማሪ እጇን እንኳ ሳታወጣ «2√3» ብላ ጣለችው።

«አሥራ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ሁለት ነው። ከስኩዌር ሩቱ መውጣት የሚችለው ዘጠኙ ብቻ ነው፤ ሲወጣ ሦስት ይሆናል። ሁለቷ እዚያው ትቀራለች። ስለዚህ 3√2። አንቺ ግን የሚወጣውን አስቀርተሽ፣ የሚቀረውን...»

መምህርቷ የጀመረችውን አልጨረሰችም።

በያጁ አባቷ ከጥግ ጥግ የሚወጥረውን ሰያፍ ብረት ልኬት የምታወጣለት እሷ ናት። በቁራጭ ወረቀት ትጽፍለታለች፤ እሱ የብየዳ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ የጻፈችለትን እያየ፣ √2 ሲሆን በ1.41፣ √3 ሲሆን በ1.73 እያባዛ ይቆርጣል። ሰኞ ጠዋት ደወል እንዳያመልጣት እየተጣደፈች የሰጠችው ወረቀት ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። በገዛ እጇ የጻፈችው 2√3 ነበር።

ሥራው ለዳቦ ቤት የውሃ ታንከር ማቆሚያ ነው፤ ቁመቱም ወርዱም ሦስት ሦስት ሜትር፣ ሰያፉም ያው √18። አራት ሜትር ከሃያ ሦስት መሆን የነበረበት ብረት በሦስት ከአርባ ስድስት ተቆርጧል። አጥሮት በብየዳ ቀጥሎታል ማለት ነው፤ ቅጥያ ደግሞ ከባድ ጭነት አይችልም። ታንከሩ ደግሞ የሚሞላው ዛሬ፣ አሁን ነው። አባትየው የሠራው ነገር መጀመሪያ ጭነት ሲሸከም ከሥሩ ቆሞ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም።

ደወለችለት፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። «ቁጭ በሉ» ብላ ጠመኔውን እንደጨበጠች ወጣች። ዳቦ ቤቱ ሁለት መንገድ ማዶ ቢሆንም ያን ቀን አልደረስ አላት። የሆነ ነገር ሲንኳኳ በሰማች ቁጥር ወደቀበት ትላለች።

ስትደርስ ፓምፑ ያጓራል። አባቷ ከታንከሩ ሥር አንጋጦ ቆሟል። ሰያፎቹ ሁሉ ተቀጥለዋል፤ አንዱ ቅጥያው ላይ ጎብጧል።

«አባዬ፣ ውጣ ከዚያ!»

«ምን ሆነሻል? ክፍል የለሽም እንዴ?» እያለ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው ፓምፑን አጠፋ።

«ሒሳቡን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሦስት ነበር የሚወጣው። ሁለት ብዬ ጻፍኩልህ።»

ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ዞሮ ጎባጣውን ብረት አየ።

«አጥሮ ሳገኘው ጥፋቱን ከራሴ ነው ያየሁት» አለ በመጨረሻ። «አንቺ አትሳሳቺማ። ዓይኔ ፈዞ ሜትር ማንበብ አቅቶኛል ብዬ፣ ይሄ የመጨረሻ ሥራዬ ነው አልኩት ለሰውዬው።»

ዳቦ ጋጋሪው አንገቱን ደፋ። እሷ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ውሃው ተንጠፍጥፎ ካለቀ በኋላ አባቷ ሜትሩን ከኪሱ አወጣና ከብረቱ ጫፍ እስከ ቅጥያው ዘረጋው። ጎንበስ ብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ሦስት ከአርባ ስድስት» አላት። «ልክ እንዳልሽው ነው የቆረጥኩት።»