አትላስ ድረስ

ጋዲሳ ሰውየውን የጠረጠረው በማልቀሱ ነው።

በመጀመሪያው ሐሙስ ዓለምሰገድ «አብደሃል ያለችኝ እኮ የገዛ እህቴ ናት» ሲል ድምፁ ተሰበረና ከግራ ኪሱ የተተኮሰ ነጭ መሐረብ አወጣ። በሁለተኛው ሐሙስ ያንኑ ነገር በዚያው ቃል ደገመው። ድምፁ የተሰበረው እዚያው ላይ ነው፤ መሐረቡም የወጣው ከዚያው ኪስ ነው። ጋዲሳ ይህን ልብ አለ። የሥነ ልቦና አማካሪ ለመሆን ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ዘጠኝ ዓመት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሻንጣ የሚያሳየው ማሽን ፊት ተቀምጧል። ዓይኑ የለመደው ከልብስ መሐል ቦታው ያልሆነውን ነገር መልቀም ነው።

ለመጠርጠርም ምክንያት ነበረው። ጎሮ ያለው ማሠልጠኛ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ከሚመድባቸው ተገልጋዮች አንዱ ተዋናይ ነው። ታሪኩን አጥንቶ፣ ችግር የገጠመው መስሎ ይመጣና ሠልጣኙ እንዴት እንደሚያዳምጥ አይቶ ለተቆጣጣሪያቸው ለወይዘሮ አስመረት ነጥብ ያስረክባል። የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ አይነገርም። በዚያ ምዘና የወደቀ የምስክር ወረቀት የለውም፤ ጋዲሳ ደግሞ የአየር ማረፊያውን ሥራ ለቆ ሁለት ዓመት የደከመው ለዚያ ወረቀት ነበር።

«እሱ ነው» አላት አብራው ለምትሠለጥነው ለሄሊና፣ ደረጃው ላይ ቆመው ሳምቡሳ ሲበሉ።

«ማን እሱ?»

«ሰው ይከታተለኛል የሚለው። ተዋናዩ እሱ ነው። ሁለት ቀን አለቀሰ፤ ሁለቱንም ቀን አንድ ቦታ ላይ።»

«እናቴም ሟች አባቴን ባነሣች ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ነው የምታለቅሰው። እሷም ትያትር ትሥራ?» ሄሊና ሳቀች። «ያ የኤርፖርት ማሽን ጭንቅላትህ ውስጥ ተረስቷል፤ ንቀለው! ደግሞ ስለ ተገልጋይ ደረጃ ላይ አይወራም።»

አልነቀለውም። በሦስተኛው ሐሙስ ዓለምሰገድ ከሥራ በወጣ ቁጥር አንድ ሰው ከኋላው እንደሚመጣ፣ ዞር ሲል ግን እንደሚሰወር እየነገረው፣ ጋዲሳ የሚያስበው ስለ ራሱ ፊት ነበር። በልኩ ራሱን ነቀነቀ። ዝምታ ሲመጣ በሆዱ እስከ አሥር ቆጠረ። የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ተናገረ። ሁሉም እንደተማረው ነው። ኋላ ሰውየው ምን እንዳለ ለመጻፍ ሲቀመጥ ግን አንድ ገጽ የሚሞላ ነገር አጣ።

«የት ነው የሚሠሩት ያሉኝ?» ብሎ ጠየቀው ሊለያዩ ሲሉ።

«አትላስ አካባቢ፣ ሆቴል ነዋ። ዕቃ ግምጃ ቤት። ነግሬህ አልነበር እንዴ ዶክተር?»

«ዶክተር አይደለሁም፤ ሠልጣኝ ነኝ።»

ጋዲሳ የሰውየውን እጅ አየ። ከጆንያና ከካርቶን ጋር የሚውል ሰው መዳፍ ይህን ያህል ይለሰልሳል?

ሲወጣ ተከተለው። ዓለምሰገድ ሚኒባሱ ጋቢና ገባ፤ ጋዲሳ ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጠ። አትላስ ሲደርሱ ሰውየው በእግሩ ጥቂት ሄዶ ወደ አንድ ሆቴል የጎን በር ታጠፈ። «ዓለም! ፈረቃህ ገብቷል እኮ፣ ቶሎ በል!» አለው ጥበቃው። ዓለምሰገድ ከመግባቱ በፊት ድንገት ዞረ። ጋዲሳ ከቆመ ፒክአፕ ጀርባ ተሸጎጠ።

ይህም አላሳረፈው። ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ተዋናይ ሌላ ሥራ አይኖረውም ያለው ማን ነው እያለ ነበር።

በሳምንቱ ዓለምሰገድ ጺሙን ሳይላጭ መጣ፤ ይቀመጡ ቢባልም አልተቀመጠም።

«ያለፈው ሐሙስ ሥራ ልገባ ዞር ስል፣ ከመኪና ጀርባ የገባ ሰው አየሁ። አንተን መሰለኝ። ለእህቴ ለወርቅዬ ብነግራት ‹አሁንማ ሐኪምህንም ማየት ጀመርክ?› ብላ ተንሰቀሰቀች። ነገ ሆስፒታል ልታስተኛኝ ነው። እሺ፣ እተኛለሁ፣ አልከራከርም። ብቻ አንዴ ንገረኝ። አንተ ነበርክ ወይስ አልነበርክም?»

ምዘና ከሆነ ጥያቄው ይህ ነው፤ አዎ ካለ ወረቀቱ ቀረ። ሰውየው እውነተኛ ከሆነም ጋዲሳ የሚለው ነገር ነበረው። ሰው ይከታተለኛል ብሎ ለሚሰጋ ሰው «አዎ፣ ተከትዬሃለሁ» ማለት ሕመሙን ማባባስ ነው፤ ዝም ማለት የሚሻለው ለእሱው ነው። ይህ ምክንያት ከመቅጽበት፣ ያለ አንዳች ድካም መጣለት። እንዲህ ተስተካክሎ የታሸገ ሻንጣ ቢሆን ኖሮ ያስከፍተው ነበር።

የሰውየውን ፊት መረመረ፤ ዓይኑን፣ ከንፈሩን፣ ጉሮሮውን። ምንም አላገኘም። ተዋናይ ይሁን እውነተኛ ሳያውቅ መልስ መስጠት ነበረበት።

«እኔ ነበርኩ» አለ። «ከዚህ ጀምሬ ተከትዬዎታለሁ። ያንን ቀን ብቻ። ከዚያ በፊት ስላዩት ሰው የማውቀው ነገር የለም።»

«ለምን?»

«የሚነግሩኝ እውነት አልመሰለኝም።»

ዓለምሰገድ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተ።

«ወርቅዬ፣ ሰውየው እሱ ራሱ ነው። አዎ፣ በገዛ አፉ! ኧረ እሱስ ጤነኛ ይመስላል። የነገውን ተይው፣ ማታ እንነጋገር።» ስልኩን ዘጋና ጋዲሳን አየው። «አንተ ጋ ግን ዳግመኛ አልመጣም።»

«ሌላ አማካሪ እንዲመደብልዎ እጠይቃለሁ።»

«እሱስ ቢከተለኝ?»

ጋዲሳ ማኅደሩን ይዞ ተነሣ።

ወይዘሮ አስመረት ቢሮ ገብቶ ቆሞ ነገራቸው።

«ተዋናይ መስሎህ ነው?»

«አዎ።»

«ያንተዋ ተዋናይ የምትመጣው ሰኞ ነበር» አሉ። «ደውዬ ላስቀራት። የቀረውን ኮሚቴው ያየዋል። ማኅደሩን እዚህ አስቀምጠውና ሂድ።»

እንግዳ መቀበያው ጋ ዓለምሰገድ አዲስ ቀጠሮ እስኪጻፍለት ቆሟል። ጋዲሳን ሲያይ ጀርባውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ጋዲሳ ሊያሳልፈው ከበሩ ፈቀቅ አለ።

«የለም» አለው ዓለምሰገድ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። «ቅደም። እኔ ከኋላ ነው የምወጣው።»

ጋዲሳ ቀድሞ ወጣ።