ስክሪኑ ላይ የሌለው ምላስ

ወተቴ የጥርስ ሐኪም ነው። ይህን ቅጽል ያወጡለት ታላቅ እህቱ ናቸው፤ የወተት ጥርሱ አልነቀል ብሎ ከእኩዮቹ ሁሉ ወደ ኋላ ስለቀረ። ዛሬ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ራሱ በከፈተው ክሊኒክ ውስጥ ቆሞ እንኳ፣ እሳቸው «ወተቴ የለም?» እያሉ ነው የሚገቡት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ? እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሱ ገና ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። አሳድገው፣ አስተምረው፣ ክፉውን ቀን ሁሉ አሻግረው ለዚህ ያበቁት እሳቸው ናቸው። እትዬ ይላቸዋል፤ በልቡ ግን እናቴ ነው የሚላቸው።

እትዬ ጨርቅ ሻጭ ናቸው። የሚኖሩት በምላሳቸው ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። የመጋረጃ ጨርቅ ሊገዛ የገባውን ሰው የሶፋ ልብስ ጨምረው ያስታቅፉታል፤ ያውም አስቀው፣ መርቀው፣ በር ድረስ ሸኝተው። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ ምላስ ነው። ታዲያ ሰውን ሁሉ እያሳቁ እሳቸው ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ ነበር። የፊት ጥርሶቻቸው አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተዋል። ወተቴ ይህችን እጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያያት ኖሯል። ያን ሁሉ ውለታ የሚከፍልበት አንድ ነገር ቢኖር ይህችን እጅ ከአፋቸው ላይ ማንሳት መሰለው።

ስለዚህ አዲሱ ማሽን ክሊኒኩ የገባ ዕለት የመጀመሪያዋ ታካሚ እትዬ ሆኑ። ማሽኑ ዱሮ የጥርስ ቅርጽ ለመውሰድ አፍ ውስጥ እየታጨቀ ሰውን የሚያስታውከውን ሊጥ መሳይ ነገር አስቀርቷል። ብዕር የምታክል ካሜራ አፍ ውስጥ ስትዞር ጥርሶቹ አንድ ባንድ ስክሪኑ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ጥርስ ወዴት መሄድ እንዳለበት አስልቶ፣ እንደ መስታወት የጠራ ስስ የፕላስቲክ ማቅኛ ያሠራል። ያን ጥርስ ላይ አጥልቆ መዋል ነው፤ ሽቦ የለ፣ ብሎን የለ። እትዬ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩና «ምላሴስ የታለ?» አሉ።

«ያጠፋዋል እትዬ። ምላስና ጉንጭ ለሥራው ስለማያስፈልጉት ራሱ ለይቶ ይሰርዛቸዋል። ጥርስና ድድ ብቻ ነው የሚያስቀረው።»

«ወይ ጉድ! ሟቹ ባሌ ይህን ማሽን ቢያገኝ ቤቱን ሸጦም ቢሆን ይገዛው ነበር።»

ረዳት ነርሷ እስኪያማት ሳቀች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ወተቴ ጠንቃቃ ሐኪም ነበር። ይህን ልንክደው አይገባም። ጥርሱን ብቻ ሊያሳይ የመጣውን ሰው እንኳ ምላሱን በጨርቅ ይዞ፣ ግራና ቀኝ ጎትቶ ዳርና ዳሩን ያይ ነበር፤ አስተማሪው እንዲህ ነው ያስለመዱት። ማሽኑ ከመጣ በኋላ ግን አፍ ውስጥ ማየቱን ተወ። ካሜራዋን ሲያዞር ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው አፍ ደም የለው፣ ምራቅ የለው፣ ንጹሕ ነው። ሰው ንጹሑን ሲለምድ ወደ ዋናው ለመመለስ ይታክተዋል።

በወራት ውስጥ የእትዬ ጥርሶች መቃናት ጀመሩ። እሳቸው ግን አንድ ቀን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ «ይሄ ላስቲክህ ምላሴን እየፋቀኝ ነው፤ እዚህ ጎኑ ላይ» አሉ። ወተቴ ማቅኛውን ተቀብሎ ጠርዙን ሞርዶ መለሰላቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ደገሙ። «ይለምዱታል እትዬ፤ ይልቅ ይህን ይዩልኝ!» ብሎ ወደ ስክሪኑ አዞራቸው። የዱሮው ጥርስና የአሁኑ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ በእውነትም ያምራል። እትዬም አይተው ደስ አላቸውና ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀጠሮ ደግሞ ምግብ የሚያኝኩት ባንድ ጎን ብቻ እንደሆነና ጆሮአቸውንም እንደሚወጋቸው ነገሩት። መጉመጥመጫ አዘዘላቸው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህ እንጂ ገደሉን አላየህም ያለው ሰው ይህን ክሊኒክ አይቶ መሆን አለበት። አንዲት ሴት ምላሴን አመመኝ ትላለች፤ ወንድሟ ምላስ የሌለበት ሥዕል ያሳያታል!

ከዚያ በአንዱ ቀጠሮ መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጨለመ፣ ካሜራዋም ሞተች። ወተቴ «ሌላ ቀን ይምጡ» ሊላቸው ነበር፤ ግን ሱቅ ዘግተው ስለመጡ አፈረ። መሳቢያውን ከፍቶ የተረሳችውን ትንሽ መስታወት አወጣ፣ የእጅ ባትሪ አበራ። እጁ በዱሮ ልማዱ ምላሳቸውን በጨርቅ ይዞ ወደ ጎን ጎተተ።

ከምላሳቸው ጎን፣ ወደ ሥሩ ጠጋ ብሎ፣ ዳሩ ያበጠ፣ መሐሉ የጎደጎደ ቁስል ነበር። በጣቱ ዙሪያውን ነካው፤ ጠንካራ ነው። ፕላስቲክ የፋቀው ቁስል እንዲህ አይጠነክርም። ይህን ለማወቅ የኮምፒውተር እርዳታ አላስፈለገውም። ጣቱን ከዚያ ማንሳት አቃተው። እትዬ ምላሳቸው እንደተያዘ በዓይናቸው ምንድን ነው ብለው ጠየቁት።

«ምንም አይደል» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ሌላ ሐኪም ቢያየው ይሻላል» አለ።

እትዬን የላከበት ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና ውጤት ሲመጣ ወተቴን ወደ ጥግ ወሰደችው። ካንሰር ነው። ወደ አንገት ዕጢዎችም ወርዷል። ምላሳቸው ከሥሩ መውጣት አለበት፤ ወጥቶም ቢሆን ዓመት መድረሳቸውን እርግጠኛ አይደለችም።

«ይህ እኮ ሲጀምር ትንሽ ነገር ነበር» አለች። «ያኔ ቢታይ ዳሩን ቆርጦ መገላገል ነበር። ጥርስ ሐኪም ጋ ሄደው አያውቁም እንዴ?»

«ይሄዳሉ» አለ ወተቴ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በክሊኒኩ ምላሱ ሳይጎተት የሚወጣ ሰው ጠፋ። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ታካሚ አጅቦ የመጣ ዘመድ ሳይቀር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ወተቴ ምግብ አይበላም፤ ተኛ ሲሉት ይቀመጣል። ሰው ሁሉ ለእህቱ ብሎ ነው እያለ ያዝንለታል፤ ይህ ሐዘኔታ ከስድብ በላይ ያቃጥለዋል።

የቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሁሉም እትዬ አልጋ ዙሪያ ነበሩ። እትዬ ንግግራቸው እየተንተባተበ፣ ሊጠይቅ ለመጣው የሱቅ ጎረቤት ሁሉ አንድ ነገር ያወራሉ። «ወንድሜ ነው ያገኘው። እሱ ባይኖር ማን ያይልኝ ነበር?» ጎረቤቱ ወተቴን ይመርቃል። ወተቴ ወለሉን ያያል። ኋላ እንግዶቹ ሄዱ፤ ልጆቹም የሌሊት ልብስ ሊያመጡ ወጡ።

«እትዬ» አለ። «እኔ አይደለሁም ያገኘሁት። መብራት ባይጠፋ ኖሮ ዛሬም አላየውም ነበር። ሦስቴ ነግረውኛል። አፍዎን ከፍተው ፊቴ ተቀምጠው እኔ የማየው...»

«አውቃለሁ» አሉ።

ወተቴ ቀና አለ።

«ሐኪሟ ስታናግርህ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርኩ። የታመመው ምላሴ ነው እንጂ ጆሮዬ አልደነቆረም።»

ወተቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ። እባክዎ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ዛሬ አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ልዋሽህ አልፈልግም፤ ተናድጃለሁ። ነገ ደግሞ የምናገርበት የለኝም።»

ምራቃቸውን በሥቃይ ዋጡና ክንዱን ያዙት።

«ለልጆቹ እንዳትነግር። ሰማህ? እኔ ስሄድ ካንተ ሌላ ማን አላቸው? አንተን ጠልተው የት ይወድቃሉ?»

በሩ ተከፈተና ልጆቹ ገቡ። ታላቋ ልብሱን እያጣጠፈች ቁምሳጥን ውስጥ ታስቀምጥ ጀመር። ታናሿ ግን ቀጥ ብላ ወደ ወተቴ መጣች። ዓይኖቹ መቅላታቸውን አይታ ፈርታለች።

«ጋሼ፣ በጊዜ ነው አይደል ያገኘኸው? ትድናለች አይደል?»

ወተቴ እህቱን አያቸው። ከእሱ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«አዎ» አለ። «በጊዜ ነው ያገኘሁት።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጁን ሳመችው። እጁን ሊነጥቃት ፈለገ፤ ግን እትዬ እያዩት ስለነበር እስክትጠግብ ድረስ እንድትስመው ተወላት።