የቤልቦተሙ ኪስ

ቤልቦተም ተመልሶ መጣና ሰፈሩ ሁሉ አበደ። ጠባብ ጂንሱን ይዞ ስፌት ቤቴ ያልመጣ የለም። ስፌቱን ከጉልበት በታች ፈትቼ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ አስገባበታለሁ። ቁራጩ ግን ለብሰውት የነጣ ጂንስ መሆን አለበት፤ አዲስ ጨርቅ ያስነቃል። ሴቶቹ መስታወቴ ፊት እየተሽከረከሩ «የድሮ ሰው አልመሰልኩም?» ይላሉ። ድሮ የሚሉትን አንዳቸውም አልኖሩበትም።

ቁራጭ ሲያልቅብኝ እናቴ የሟች አባቴን ቤልቦተም ከቁም ሳጥን አውጥታ ሰጠችኝ።

«ቁረጪው፤ እሱ እንደሆነ ተመልሶ አይለብሰው» አለች።

ቆረጥኩት። ምንም አልመሰለኝም። አባቴ በየሰዉ ቁርጭምጭሚት ተበትኖ መንገድ ለመንገድ ሲወዛወዝ ከረመ። የተረፈውን የኋላ ኪስ ማሽኑ አጠገብ በምስማር መትቼ የመቀስ ማስቀመጫ አደረግሁት።

ከዚያ ፋሽኑ አለፈበት። እነዚያው ሰዎች እነዚያኑ ሱሪዎች ይዘው መጡ።

«አጥብቢልኝ በናትሽ፤ መንገድ እየጠረግሁበት እኮ ነው!»

ፈታሁ፣ አጠበብኩ። ቁራጮቹ ተመልሰው ፌስታል ሞሉ። እሱም ምንም አልመሰለኝም።

ትናንት እናቴ መጣች። ፌስታሉን ዞር ብላም አላየችው። መቀሴን ከኪሱ አውጥታ እጇን ልታስገባ ሞከረች። ሪህ ያሳበጣቸው ጣቶቿ አላልፍ አሉ።

«ከአባትሽ ጋር ስንሄድ እጄን የማደርገው እዚህ ነበር» አለች። «ድሮ ይገባ ነበር እኮ።»

ፔዳሉን መርገጤን ቀጠልኩ።

«ይኼንንስ ታሰፊልኛለሽ?»