አንዱ ጓንት

ሰኞ ጠዋት የአስላክ ጀልባ ገና ከወደቡ አፍ ሳትርቅ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ እየተጎተተች ተመለሰች። መትከያው ላይ ቆሜ ድምጿን ሰማሁና ገመዷ እንኳ ሳይታሰር «ፖምፓው አልቆለታል» አልኩ። በዚያ ዕድሜ ላለ ሞተር የናፍጣ ፖምፓ መሥራት ካቆሙ ሃያ ዓመት አልፏል፤ ስለዚህ ፖምፓው ሞተ ማለት ሞተሩም ሞተ ማለት ነው። በዚህ ደሴት ሞተርን በጆሮ የምለይ እኔ ነኝ። የሙያ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የገቡት ግን ሲቸግራቸው የሚጠሩት እኔን ነው።

አስላክ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። አልተከራከረኝም። በማግስቱ ከባሕሩ ማዶ ላለ አንድ ጎረምሳ ደውሎ ጀልባዋንም የማጥመድ ፈቃዱንም እንደሚሸጥለት ነገረው። ረቡዕ ቀትር ላይ መጥቶ ሊፈርም ተስማሙ።

ረቡዕ ጠዋት ገዢው የሞተውን ዕቃ በዓይኑ ይየው ብዬ ፖምፓውን ልፈታ ወደ ጀልባዋ ወረድኩ። የዓሣው ወቅት ከገባ ወዲህ የሰው ሞተር ስጠግን ከርሜ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል። መፍቻው ከእጄ አመለጠኝ። ልፈልገው ስንበረከክ፣ ሞተሩ አየር በሚስብበት በዲፖራቶሩ አፍ ጥቁር ነገር ተወትፎ አየሁ። ስጎትተው የሱፍ ጓንት ነው። እዚህ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ እርጥብ ጓንቱን የሚያደርቀው ሞተር ላይ ነው፤ አንዱ ተንሸራቶ ሞተሩ ስቦታል። ሞተሩን አስነሳሁት። ጭሱ ጠፋ፣ ጉልበቱም ተመለሰ።

ዘይት፣ ውሃ፣ ቺንጋ፣ ፊልትሮ፣ አየር፤ የማንኛውም ሞተር የመጀመሪያ ፍተሻ ይኸው ነው። ጀማሪ በመጣ ቁጥር «መጀመሪያ በዓይን የሚታየውን እይ» እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት ግን አንዲት ክዳን አልነካሁም።

ጓንቱን ባሕር ውስጥ ብጥለው የሚያውቅብኝ አልነበረም። አልዋሽም፣ ተቀምጬ አሰብኩበት። ከዚያ ዳገቱን ወጣሁ።

አስላክ ኩሽና ውስጥ ድንች ይልጣል። ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ያጠፋሁትን ሁሉ ነገርኩት። መላጡን ሳያቆም ሰማኝ።

«የዚህን ጓንት ጓደኛ ትናንት ጣልኩት» አለ። «ብቻውን ምን ይሠራል ብዬ።»

«ገዢው ጀልባ ሳይሳፈር ደውልለት እንጂ። ሞተርህ ደህና ነው።»

«ቶርዲስ፣ ሞቷል ስትይኝ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ሄጄ ተኛሁ። ከስንት ዓመት በኋላ እስኪበቃኝ ተኛሁ። እኔ አልተውኩም፣ ሞተሩ ነው የተወኝ ብዬ።» ጓንቱን ገልበጥ አድርጎ አየው። «አሁን ሰበቤን ወሰድሽብኝ።»

ይቅርታ ማለት አልለመደብኝም። «እንግዲያው ደህናዋን ጀልባ ሽጣት» አልኩት። «ድካም ሰበብ አይሆንም እንዴ?»

«ለሌላ ሰው ይሆናል።»

ቢላዋውን አስቀምጦ ስልኩን አነሳ። ለጎረምሳው ሞተሩ ደህና ሆኖ መገኘቱን፣ ዘንድሮ እንደማይሸጥ ነገረው። ማን እንደተሳሳተ ሲጠየቅ ሰማሁ፤ ስሜን ሳይጠራ ስለ ነፋሱ አወራ። ስልኩን ሲዘጋ በረጅሙ ተነፈሰና ጎንበስ ብሎ፣ አንድ እጁን ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ፣ ቦቲውን መፈለግ ጀመረ።

እኔ ቀድሜው ወደ ጀልባዋ ወረድኩ። ከዲፖራቶሩ አርቄ የጓንት መስቀያ ሚስማር መታሁለት። ሁለት ጊዜ ስቼ ጣቴን መታሁት፤ ደግነቱ የሚያይ አልነበረም።