የወፍጮው ዘንግ ወገብ

ሸዕባን ላሊበላ ላይ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ትንሽ ቶርኖ ገዝቶ ብረት መቅረጽ ከጀመረ ወዲህ ያላስኮረፈው ደንበኛ ቢኖር ገና ያልመጣው ብቻ ነበር። የብልባላዋ ባለወፍጮ ወይዘሮ ይማርሽ ግን ኩርፊያ አያውቁም፤ እሳቸው የሚያውቁት ስድብ ነው። የወፍጮውን ረጅም ዘንግ ሠርቶ በሰጣቸው በሳምንቱ በአህያ አስጭነው አመጡና ደጁ ላይ ጣሉለት።

«ይኸ ዘንግ ነው ወይስ እርጉዝ?»

ሸዕባን በካሊብሮ ለካው። እውነትም ዳርና ዳሩ ቀጭን፣ መሐሉ ወፍራም ነው።

«እትዬ ይማርሽ፣ የዘንድሮ ብረት እኮ...»

«ብረቱማ ምን በወጣው! ወፍጮዬ እስክስታ እየመታ ዱቄቱን ፊቴ ላይ ይረጨዋል። ዳግመኛ ሠርተህ ይዘህልኝ ና!» ብለው ሄዱ።

ሚስቱ ነጅሚያ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። «ባለፈው መብራቱ ነበር፣ ከዚያ በፊት የሰው ዓይን፣ ዛሬ ደግሞ ብረቱ» አለችው።

ተናዶ አዲስ ብረት አሰረና ቶርኖውን አስነሣ። የሚቀርጸው ምላጭ መሐል ሲደርስ ብረቱ ወደ ኋላ ሲሸሽ አየ። ጫፍና ጫፉ ተይዟል፤ ወገቡን የሚይዘው ግን የለም። ምላጩ ሲገፋው ያፈገፍጋል፣ ሲያፈገፍግ ሳይቀረጽ ይቀራል።

«ወላሂ፣ ፈሪ ነው እንጂ እርጉዝስ አይደለም!»

ወገቡን ዙሪያውን የሚደግፍ ቀለበት ሊሠራለት ተነሣ። መጀመሪያ ከወይራ እንጨት ሠርቶ ሞራ ቀባው። ዘንጉ ሲሽከረከርበት ጨሰ። ሽታው የደረሳቸው ጎረቤቶች «ሸዕባን ሳይጠራን አረደ» ብለው እነሱም አኮረፉ። እንጨት እንደማይሆን ገባው፤ ከዘንጉ ጋር አብረው የሚሽከረከሩ ሦስት እኩያ ኩሽኔታዎች ያስፈልጉታል።

አስጎብኚው ምስጋና ቤት አንድ ፈረንጅ የተወለት፣ ቆመው የሚንሸራተቱበት ባለጎማ ጣውላ አለ። ምስጋና በላሊበላ ቁልቁለት አንድ ቀን ሞክሮት የፊት ጥርሱን ለመንገዱ ሰጥቷል።

«የዚያን ጣውላ ኩሽኔታ ስጠኝ» አለው ሸዕባን።

«የምን ጣውላ?» አለ ምስጋና አፉን ሸፍኖ።

«ጥርስህን የበላው።»

«ውሰደው! አልጋዬ ሥር ሆኖ ይስቅብኛል።»

ሸዕባን ከወፍራም ቧንቧ ቀለበት ቆርጦ ሦስቱን ኩሽኔታዎች በቡሎን አሰረበት፤ ከምላጩ ኋላ ኋላ እንዲከተልም አደረገው። መጀመሪያ አንዱን ቡሎን አጥብቆት ዘንጉ ይባስ ተጣመመ። ተሳደበ፣ አላላው፣ በእጁ እያዞረ አስተካከለው። ቀርጾ ሲጨርስ ዳሩንም መሐሉንም ለካ። ደግሞ ለካ። አላመነምና ነጅሚያን ጠርቶ አስለካት።

«አንድ ነው» አለች። «እንግዲህ ማንን ልትወቅስ ነው?»

ብልባላ ወስዶ ዘንጉን ራሱ ገጠመው። ወፍጮው ተነሣ። ወይዘሮ ይማርሽ ጠላ የሞላ ብርጭቆ ላዩ ላይ አስቀመጡ፤ ጠብ አላለም። ጨለጡት። ሸዕባን ምርቃት ቢጠብቅም እሳቸው በር በሩን ያያሉ። የሚመጣ አህያ የለም።

«አንተ፣ በፊት ጩኸቱ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን ሰው ወፍጮው መሥራቱን በምን ይወቅ?»

«እትዬ፣ ጩኸትማ በቶርኖ አይቀረጽም።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አደግድገው ደጁ ካለው ቋጥኝ ላይ ወጡ። «እናንተ ሰነፎች! ወፍጮው ድኗል፤ እህላችሁን አምጡ!»

ሸዕባን ሁለት ጆሮውን ያዘ። ጥቂት ቆይቶ ከማዶ ገብስ የጫነች አህያ ብቅ አለች፤ ከኋላዋ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።