የሺታኬው ውሃ

የፍርዶስ እግር አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ሳህን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ መልሳ ታነሳለች። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለው የጃፓን ምግብ ቤት ማስተናገድ ከጀመረች ስድስት ወሯ ነው፤ ዛሬ ግን እናቷ ለኩሽና ሥራ የምትሞከርበት ቀን ነው። ሼፍ ዩሚን ሳምንት ሙሉ ጨቅጭቃ እናቷን ያስገባቻት ራሷ ፍርዶስ ናት። የግሮቭ ሲቲው ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘኑ ሥራ፣ የእናቷን ወገብ ጨርሶታል፤ ይኼ ካልተሳካ ሰኞ ተመልሶ ካርቶን መሸከም ነው።

እስካሁን ደህና ነበር። እናቷ ማይታኬ የሚሉትን እንጉዳይ እንደ ዶሮ ላባ በታተነችው፤ ክር የመሰለውን ኢኖኪ ከሥሩ ቆረጠችው። «ወሎ ብሆን የጅብ ጥላ ነው ብዬ በእግሬም አልነካው! እዚህ ተሰልፈው ይበሉታል።»

ፍርዶስ ጠረጴዛዎቹ ጋ ደርሳ ወደ ኩሽና ስትመለስ ትልቁ ጎድጓዳ ሳህን ተደፍቷል።

«ማሚ፣ ውሃውስ?»

«የቱ ውሃ?»

«ደረቁ እንጉዳይ፣ ሺታኬው፣ ከትናንት ጀምሮ የተዘፈዘፈበት!»

«ደፋሁታ! ጠቁሮ ጠቁሮ... ሦስቴ አለቅልቄ እንደ ምስር አጠራሁልሽ።»

«ኦ ማይ ጋድ! ሾርባው እኮ እሱ ነው!»

«እጣቢው?»

«ጣዕሙ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፣ ማሚ! ሥጋም ዓሣም የማይበሉ አሥራ ሁለት ሰዎች ሊመጡ አንድ ሰዓት ቀርቷቸዋል!»

ፍርዶስ በሩን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ ደግሞ በሩን። «እኔ ደፋሁት እላለሁ። ሼፏ እኔን ከሥራ ፋየር አታደርገኝም፤ ቅዳሜ የሚያስተናግድላት ማን አላት?»

«ልትዋሺልኝ? ወላሂ አታደርጊውም! ዞር በይ።»

እናቷ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ምድጃው ድረስ ሄደች። «ሼፍ፣ አይ ትሮው። አይ ቲንክ ደርቲ። ሶሪ» ብላ፣ ቆሻሻ መስሏት መድፋቷን ባላት እንግሊዝኛ ተናዘዘች።

ሼፍ ዩሚ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ፍርዶስ ጥፍሯን በላች። ሼፏ የቀረውን ደረቅ ሺታኬ ከነከረጢቱ አንስታ ድስት ውስጥ ዘረገፈችው፤ ለብ ያለ ውሃ ጨመረችበት፤ እሳቱን ዝቅ አድርጋ የፍርዶስን እናት በጣቷ ጠርታ ድስቱን አሳየቻት። እንዳይፈላ ጠብቂ ማለቷ ነው። እናቷ ሃምሳ ደቂቃ ከድስቱ አልተነቃነቀችም። ፍርዶስ ግን ጠረጴዛ ቁጥር አራትን አምስት ጊዜ ወለወለችው።

በመጨረሻ ሼፏ ቀመሰች፤ ፊቷን ቋጠር አደረገች። «የትናንቱን አያህልም» አለቻት ለፍርዶስ በእንግሊዝኛ። «ነገ ጧት ትምጣ። ሳትጠይቀኝ ግን አንድ ጠብታ እንዳትደፋ በያት።»

ፍርዶስ ዞረች። «ነገ ጧት ነይ ብላሻለች። በጣም ጎበዝ ናትም ብላለች።»

«ጎበዝ የምትለዋን ከየት አመጣሻት?» አለች እናቷ ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል። «እንዳትደፋ ያለቻትን ጠብታ ሰምቻለሁ። ሂጂ፣ ሰዎችሽ በር ላይ ቆመዋል።»