ዴስኩ ላይ የቀረው ስሌት

ተማሪዎቹ የሒሳብ መምህሩን «ላጲስ» ይሉታል። ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም። ደብተር ላይ ንጹሕ መልስ እንጂ ሙንጭርጭር ማየት አይወድም፤ «ሙከራህን አጥፋና መልሱን አሳየኝ» ነው ሥራው። ትምህርት ያመለጣቸውን ስድስት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ከሰዓት በኋላ ሲያስጠናም ሕጉ ይኸው ነው።

ከስድስቱ አንዷን በቁመቷ «ቀውላላዋ» ይሏታል። ነገ ጠዋት የክፍል ምደባ ፈተና አለባቸው። ከሃያ አሥራ ሁለት ካላመጣች ሰባተኛ ክፍል ትወርዳለች፤ እዚያ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ አለ። «ከሱ ጋር ከምማር ትምህርቱ ጥንቅር ብሎ ይቅር» ብላለች፤ ያለችውን ደግሞ የምታደርግ ልጅ ናት። በዛሬው ልምምድ ያገኘችው አራት ነው። መምህሩ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ሁለት ወር ሙሉ እኩልታ እኩልታ ስል ጆሮሽ የት ነበር?» አላት። አቀርቅራ ወጣች።

ክፍሉን ሊዘጋ ሲል ዴስኳ በእርሳስ ተሞነጫጭሮ አየ። ሊወለውለው ጨርቅ አንስቶ ቆመ። x + 27 = 52፣ x = 52 − 27 = 35። ከሥሩ x + 46 = 81፣ x = 81 − 46 = 45። እኩልታውንማ በትክክል ነው የፈታችው፤ የወደቀችው መቀነሱ ላይ ነው። ላይም ይሁን ታች፣ ሁልጊዜ ከትልቁ አኃዝ ትንሹን ትቀንሳለች። መምህሩ ክው አለ። ለካስ አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ከርሟል።

ሮጦ የግቢው በር ላይ ደረሰባት።

«ተመለሺ እስቲ።»

«ዴስኩን ረስቼው ነው ቲቸር፣ አጠፋዋለሁ።»

«እንዳትነኪው። ከሁለት ላይ ሰባት ቀንሺ ስትባይ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ከሰባት ሁለት እቀንሳለሁ።»

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ሦስተኛ ክፍል እናቴ ታማብኝ ሁለት ወር ቀርቼ ነበር። ስመለስ ሁሉም ያውቀዋል። መጠየቅ አፈርኩ።»

መምህሩ ወደ ክፍል መልሷት ከጠረጴዛው መሳቢያ አሥር አሥር ሆነው የታሰሩ እርሳሶችና ሁለት ነጠላ አወጣ። «ሰባት ስጪኝ» አላት። ትንሽ አሰበችና አንዱን እስር ፈታች። ጥበቃው ቁልፉን እያንቃጨለ እስኪያባርራቸው ድረስ ሲፈቱና ሲያስሩ ቆዩ።

በማግስቱ፣ ፈተናው ከታረመ በኋላ፣ ምክትል ርእሰ መምህርቷ የቀውላላዋን ወረቀት ከፍ አድርጋ ያዘች።

«ትናንት አራት፣ ዛሬ አሥራ ሦስት። ከማን ኮረጀች? ትጠራ!»

ሰሌዳው ላይ 403 − 158 ጻፈችላት። ልጅቷ ጠመኔ አነሳች። መምህሩ ዳር ቆሟል፤ አንዲት ቃል ቢተነፍስ አለቀላት።

«ከአሥር ቤት ልበደር ስል ዜሮ ነው» አለች ለራሷ። ዜሮ ያለበትን ትናንት አልደረሱበትም ነበር።

«እንግዲያስ ከመቶ ቤት እበደራለሁ» አለችና እየቀነሰች ወረደች። 245።

ምክትሏ አንገቷን ነቀነቀች። «አልፈሻል፣ ሂጂ።» ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረች። «በአንድ ቀን እንዴት ሆነ?»

«ስህተቷን የደበቅኩት እኔ ነኝ» አለ፤ አፍሯል። «ሙከራዋን እያስደመሰስኩ የት ላይ እንደምትስት ሳላይ ኖርኩ። ትናንት ነው ያየሁት።»

ምክትሏ የቀሩትን አምስት ወረቀቶች አንድ በአንድ ገለጠች። አሥራ ሁለት የደረሰ የለም።

«የነዚህንስ ስህተት አይተውታል፣ መምህር?»

አላየም። አምስቱ ልጆች በሩ ሥር ተኮልኩለው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ።